የአባቴን የ1974 ላንድክሩዘር ፒክአፕ ደሴ ላይ ልጠግን ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የሆጤው ልጅ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድ ቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ትቶልን አልፏል። ሊብሬው ላይ 1974 ይላል፤ በፈረንጆቹ ነው። ሞተሩ ቤንዚን፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ያደግሁት አባቴ ከባቲ ወዲያ፣ ከአፋር በኩል፣ ጨው ሲያመላልስበት እያየሁ ነው። ከቆመ 12 ዓመት ሆነው። ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው ያለው። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ባትሪውና ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ተፈትተው ተወሰዱ። ሌላው እንዳለ አለ።

እናቴ እንዲሸጥ አትፈልግም። እኔም አልፈልግም። ሙያዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። መፍታትና መግጠም አይከብደኝም። ብየዳም ትንሽ እሞክራለሁ። ጋራዥ አስገብቼ የማሠራበት ገንዘብ ግን የለኝም። ቅዳሜና እሑድ እዚሁ ግቢ ውስጥ እየሠራሁ፣ በአንድ ዓመት ላስነሣው አስቤያለሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ቤንዚን ሞተሩን አውጥቼ የናፍጣ ሞተር ልገጥምለት። ባሌስትራውን (መኪናውን ከሥር የሚሸከሙትን የብረት ቅጠሎች) ቀይሬ መኪናውን ከፍ ላደርገው። ዝገቱን ደግሞ አንድ ቀለም ቀቢ «በስቱኮ ሞልተን እንቀባዋለን» ብሎኛል። የፍሬን ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለል ይነካል።

የሚያስቸኩለኝ ሞተሩ ነው። ኮምቦልቻ የሚሸጥ የናፍጣ ሞተር ተገኝቷል፤ እስከ ሰኞ ቀብድ ክፈል ብለውኛል። ልክፈል ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ባለጋራዡ (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ። ቀብዱን አትክፈል። የራስህን ሞተር ሳትሰማ የሰው ሞተር አትግዛ።

መጀመሪያ ያለህ ሞተር ምን እንደሆነ እወቅ። በ1974 የመጣው ባለ 3.9 ሊትር ኤፍ የሚባለው ነው። ባለ 4.2 ሊትሩ ቱ ኤፍ የመጣው ከ1975 ጀምሮ ነው። ሃምሳ ዓመት ረጅም ነው፤ በመሃል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ በቀኝ በኩል፣ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ፣ ብሎኩ ላይ ተመትቷል። በሽቦ ብሩሽ ጥረገውና ከሊብሬው ጋር አስተያየው። ካልተመሳሰለ ዛሬውኑ ማወቅ ይሻልሃል።

ከዚያ ሞተሪኖ ፍለጋ አትሂድ። 12 ዓመት የቆመ ሞተር በሞተሪኖ አይነሣም፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ከሆነ ትሰብረዋለህ። ስድስቱንም ካንዴላ (እሳት ሰጪዎቹን) ፍታ። በየቀዳዳው ሁለት ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስስ። ሁለት ቀን ተወው። ቀጥሎ ፊት ለፊት ያለውን የፑሊውን ዳዶ በቁልፍ ይዘህ ቀስ ብለህ በእጅህ አዙር። እምቢ ካለ አታስገድደው። ዘይት ጨምርና ሌላ ሁለት ቀን ጠብቅ። ሁለት ሙሉ ዙር ከዞረልህ ግማሹን መንገድ ሄደሃል።

የድሮውን ቤንዚን እንዳለ አውጣ። ከታንከሩ አንዲት ጠብታ ወደ ካርቡራቶር እንዳታልፍ። ያረጀ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይሆንና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ለሙከራው ንጹሕ ጀሪካን መሬት ላይ አስቀምጠህ ቱቦውን ከቤንዚን ፓምፑ ጋር አገናኘው። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብህ ይሁን።

ከዚያ ኮምፕረሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት ለካ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቶዮታ መጽሐፍ 150 ፒኤስአይ አካባቢ ይላል። ያ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ 110 አካባቢ ካሳየህ ሞተርህ ጤነኛ ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ «አልቋል» ተብለው የተጣሉ ደኅና ሞተሮች አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ከቁጥሩ በላይ የስድስቱን መቀራረብ እይ።

መልስ፦ የደላንታው ሾፌር (ወገል ጤና)

ልጄ፣ እኔ ከባለጋራዡ ትንሽ እለያለሁ። ያ ቤንዚን ሞተር ጠጪ ነው። ጭነት ጭነህ ከደሴ ወገል ጤና ብትወጣ ኪስህ ይነግርሃል። እኔ የራሴን የዛሬ 15 ዓመት ወደ ናፍጣ ቀይሬያለሁ፤ አልተጸጸትኩም።

ግን ሞተሩ ብቻውን አይመጣም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። የፍሬንህ ማገዣ የሚሠራው ቤንዚን ሞተሩ በሚስበው አየር ነው። ናፍጣ እንዲያ አይስብም። ስለዚህ ከጀርባው የአየር መሳቢያ ፓምፕ ያለው ዲናሞ አብሮ መምጣት አለበት። እኔ ያለሱ ገጥሜ ወጣሁ። ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። ቁልቁለት ላይ በሁለት እግሬ ረግጬ ነው የቆምኩት። አላህ አተረፈኝ።

ሌላው ባትሪ ነው። የናፍጣው ሞተሪኖ ባለ 24 ቮልት ከሆነ የመኪናህ መብራት በሙሉ ባለ 12 ነው፤ አይገናኝም። ጠይቀህ ግዛ። ሊብሬውም አለ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተጻፈ ነው፤ ሞተር ስትቀይር ያ መቀየር አለበት። ሊብሬው ደግሞ አሁንም በአባትህ ስም ነው። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። እሱ ሳያልቅ ሞተር ከቀየርክ ጉዳይህ ሁለት እጥፍ ይሆናል። በዚህ በዚህ የሰኞው ቀብድ ላንተም አይበጅህም።

መልስ፦ ባለብየዳዋ (ወልዲያ)

ሰላም ወንድሜ። ሁሉም ስለ ሞተር አወራ። እኔን ያስደነገጠኝ ጨው የሚለው ቃልህ ነው።

የዚህ መኪና ሻንሲ፣ አካሉን የሚሸከመው የብረት መሠረት፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ሳጥን ነው። ጨው ሲጫን የሚንጠባጠበው ውሃ እዚያ ውስጥ ይገባና ይቀመጣል። ከውጭ ጥቁር ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ከውስጥ ግን ይበላል። ላንድሮቨር ቢሆን አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ለሻንሲው ብቻ ትጨነቅ ነበር። ቶዮታው ግን ከላይ እስከ ታች ብረት ነው።

መኪናውን በክሪክ አንሥተህ ጠንካራ መደገፊያ ላይ አስቀምጠው። በክሪክ ብቻ ተይዞ ሥሩ እንዳትገባ፣ አደራ። ከሥር በኃይለኛ ውሃ አሳጥበው። ከደረቀ በኋላ ትንሽ መዶሻ ይዘህ ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ደብድበው። ደኅና ብረት ይጮኻል። የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። እዚያ ላይ ካቻቪቴ ጫን በልበት፤ ከገባ በኖራ ምልክት አድርግ። በተለይ የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትን፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ያለውን ጉብታና ካቢናው የሚቀመጥባቸውን እግሮች እይ።

የተበላውን ቆርጠህ ንጹሕ ብረት እስክታገኝ ሂድ። ላሜራው ውፍረቱ ከሻንሲው ጋር እኩል ይሁን። ልጥፉን አራት ማዕዘን አታድርገው፤ ቀጥ ያለ ብየዳ ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች ካቋረጠው በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። ጫፉን እንደ አልማዝ ሹል አድርገው። ስትበይድ የባትሪ ገመድ ይፈታ። የቤንዚን ታንከሩ ከመኪናው ወጥቶ ከግቢው ጥግ ይቀመጥ። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው የቤንዚኑ ትነት ነው። ታንከሩን ራሱን ግን በፍጹም እንዳትበይድ።

ለቀለም ቀቢው አመሰግናለሁ በለውና ሸኘው። ዝገት ላይ ስቱኮ ማለት ቁስል ላይ ፕላስተር ነው። የደሴ ጉምና አንድ ክረምት ይበቃዋል፤ ከሥር አብጦ ይወጣል።

ጠያቂ፦ የሆጤው ልጅ

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ቀብዱን ተውኩት። ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ስሠራ ነው የቆየሁት።

ቁጥሩ ኤፍ ነው፣ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ሞተሩ በአራተኛው ቀን ዞረ! እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሞተሪኖ ተውሼ ኮምፕረሽን ለካሁ። አምስቱ ከ104 እስከ 110 ናቸው። አራተኛው ግን 70 ነው። ዘይት ጨምሬ ስለካው 74 ሆነ። ምን ማለት ነው?

ሻንሲው አምስት ቦታ ኖራ ተቀብቷል። ሦስቱ በግራ በኩል ኋላ ናቸው። አንዱ ጣት ያስገባል። ወንድሜን ይዤ ልጥፉን እየቆረጥን ነው። ለወራሽነቱም ፋይል ከፍተናል።

መልስ፦ ባለጋራዡ (ኮምቦልቻ)

ማሻአላህ! ሞተርህ ይነሣል።

ዘይት ጨምረህ ብዙ ከፍ ቢል ኖሮ ችግሩ ፋሻ ነበር። ብዙ ስላልጨመረ ቫልቭ ነው። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ለማውረድ አትቸኩል። የአራተኛውን የቫልቭ ክፍተት ለካ። ክፍተቱ ጠፍቶ ቫልቩ ሳይዘጋ እየቀረ ሊሆን ይችላል። ልኩ ማስገቢያው 0.20 ሚሊ ሜትር፣ ማስወጫው 0.35 ነው፤ ሞተሩ ሞቆ። አሁን ቀዝቅዞም ቢሆን ትንሽ አስፍተህ አስተካክለው፤ ሲነሣና ሲሞቅ በልኩ ትደግመዋለህ።

ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ለማስተካከል በፍላይዊሉ (ከሞተሩ ኋላ ባለው ከባድ መዘውር) መስኮት ግባ። ከሞተሪኖው በላይ ያለች ትንሽ መስኮት ናት። ፍላይዊሉ ላይ የተቀበረች የብረት ኳስ አለች፤ ምልክቱ እሷ ናት። ቆሻሻ ስለሚሸፍናት ብዙ ሰው አያያትም። ጠርገህ ነጭ ቀለም ንካት። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-5-3-6-2-4 ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ከሁሉም በላይ እሱ ያሳስበኛል። ከደሴ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ሞተር ባይነሣ ቤትህ ትቀራለህ። ፍሬን ባይዝ ግን ያ ቁልቁለት አለ።

ያንተ መኪና ፍሬን አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ነው፤ ሸራ የተለጠፈበት ጫማ ከውስጥ ታምቡሩን እየገፋ ይይዛል። በየጎማው ሁለት፣ በድምሩ ስምንት የፍሬን ሲሊንደር አለው። ስምንት ማስተካከያም አለው። ሰው በየጎማው አንዱን ብቻ አጥብቆ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሸራ ልቅ ሆኖ ስለሚቀር ፔዳሉ ወለል ይነካል። ያንተም ግማሽ ችግር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ግን 12 ዓመት የቆመ ጎሚኒ (የሲሊንደሩ የላስቲክ ማሸጊያ) አይታመንም። ስምንቱንም ክፈት። ውስጡ ጉድጓድ የሠራውን ሲሊንደር ለውጥ፣ የቀረውን ጎሚኒ ቀይር። ከላስቲክ የተሠሩትን የፍሬን ቱቦዎች ሦስቱንም ጣል። የድሮውን የፍሬን ዘይት አጥበህ አውጣ፤ ዘይቱ ውሃ ይስባል፣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ከገጠምክ በኋላ እያንዳንዱን ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ አጥብቅ። ፔዳሉን በኃይል ርገጥ። ከዚያ ጎማው ነጻ እስኪዞር ብቻ መልስ። ስምንት ጊዜ። አሰልቺ ነው፤ ዝለል ካልክ ግን ልፋትህ ባዶ ነው።

የእጅ ፍሬንህ ጎማ ላይ አይደለም። ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ካምቢዮ) ኋላ፣ የሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ነው። ክሮቼራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ከተበጠሰ የእጅ ፍሬን የለህም። ስለዚህ ታኮ (ጎማ ሥር የሚደረግ ማቆሚያ) ከመኪናው አይለይ።

መልስ፦ ኩታበር

መኪናውን ከፍ ስለማድረጉ ማንም አልመለሰልህም፤ ባጭሩ ልንገርህ። ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ አትሂድ። ከዚያ ካለፈ የዘንጉ ማዕዘን ይበላሻል፣ ክሮቼራ ይበላል፣ የፍሬን ቱቦውም ይወጠራል። ያንተ ባሌስትራ በጨው ጭነት የተኛ ይመስለኛል። ደኅና ባሌስትራ ብቻ ስትገጥምለት ራሱ ከፍ ይላል። ፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን እቀይራለሁ ካልክም ማስተር ሲሊንደሩን አብረህ አስብ። የታምቡሩ ማስተር መስመሩ ውስጥ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው፤ ለዲስክ አይሆንም፣ ይይዝብሃል።

ጠያቂ፦ የሆጤው ልጅ

ዛሬ ተነሣ!

የአራተኛው ማስወጫ ቫልቭ ክፍተቱ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ሳስተካክለው 70 የነበረው 101 ገባ። ካርቡራቶሩን አጠብኩ። በሦስተኛው ሙከራ ያዘ። መጀመሪያ ሰማያዊ ጭስ አወጣ፣ ያ ያፈሰስኩት ዘይት ነው። ከዚያ ጠራ። እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ኮፈኑ ላይ እጇን አድርጋ ቆመች። ምንም አላለችም።

ናፍጣውን ለጊዜው ትቼዋለሁ። የደላንታው ጋሼ፣ ምክርህን አልጣልኩትም፤ ወራሽነቱ ካለቀና መኪናው ራሱን ከቻለ በኋላ እንነጋገራለን። ሻንሲው አራቱ ቦታ ተበይዷል፤ አምስተኛው ለባሌስትራው ቅርብ ስለሆነ እኔ አልነካውም፣ ባለሙያ አመጣለሁ።

ፍሬኑን ከፈትኩ። ከስምንቱ ሲሊንደር ሦስቱ ተበልተዋል። ሸራዎቹ አልቀዋል፣ ሁለቱ ዘይት ጠጥተዋል። ባለጋራዡ ጋሼ፣ አንተ ጋ ሸራ ይለጠፋል? ቅዳሜ ይዤ ልውረድ?

መልስ፦ ባለብየዳዋ (ወልዲያ)

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። አምስተኛውን በመተውህ ደስ ብሎኛል። ከሌሎቹ ልጥፎች ጀርባ፣ ሻንሲው ውስጥ፣ ጥቂት ዘይት መርጨት እንዳትረሳ፣ ቀለሙ ከውጭ ብቻ ነው የሚደርሰው።

መልስ፦ ባለጋራዡ (ኮምቦልቻ)

ይለጠፋል። ቅዳሜ ጠዋት ና። አራቱንም ታምቡር አብረህ ይዘህ ና፤ ታምቡሩን ቶርኖ ቤት (ብረት መላጫ) አስልሰን ነው ሸራውን በልኩ የምንለጥፈው። ከባድ ነው፣ ለሚኒባሱ ረዳት ቀድመህ ንገረው።