አባቴ ሁለተኛ ስቴንት ሊገባለት ነው፤ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ፣ ከአዳማ፦ ሰላም ወገኖች። አባባ 63 ዓመቱ ነው። ከወር በፊት ደረቱን ሲያቃጥለው ጨጓራ ነው ብለን ተልባ ስናጠጣው አደርን። ለካስ ሃርት አታክ ኖሯል! አዲስ አበባ ወስደነው በአንጂዮግራፊ (የልብ ደም ስሮችን በራጅ በሚያሳየው ምርመራ) ሲታይ ሁለት የልብ ደም ስሮቹ ጠበዋል። የባሰው ላይ ያኔውኑ ስቴንት፣ ማለትም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ወንፊት ቱቦ፣ ገባለት። ሁለተኛው በሚቀጥለው ወር ይሠራል። መድኃኒት የተቀባና ያልተቀባ አለ፣ ዋጋቸውም ይለያያል ተባልን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ጥሩውን እኔ ገዝቼ ልላክ» ይላል። ሌላው ጭንቀቴ ጾሙ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውኃ አይቀምስም፣ ክኒኑንም አንዳንድ ቀን ይዘለዋል። እኛም ፈርተን ከወንበር አናስነሣውም።

የልብ ክፍል ነርስ፦ እግዚአብሔር ይማርልህ። የተቀባውን ምረጡ። ባዶው ብረት ሲገባ ስሩ ውስጥ እንደ ጠባሳ ያለ ሥጋ ይበቅልና መልሶ ያጠበዋል። ድሮ ከአምስት ሰው አንዱን ገደማ ይገጥመው ነበር። የተቀባው መድኃኒት ያንን ሥጋ ይገታል። ወንድምህ ግን ገንዘቡን ይያዝ። ስቴንት እንደ ጫማ ቁጥር አለው፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ይሁን 3.5፣ ርዝመቱስ ስንት ይሁን የሚለው የሚታወቀው አባትህ ጠረጴዛው ላይ ተኝተው ስሩ ሲለካ ነው።

ከስቴንቱ ዓይነት ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ የሚዘለው ክኒን ነው። የደም ማቅጠኛዎቹ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ከሆኑ፣ ከሃርት አታክ በኋላ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ይወሰዳሉ፤ አስፕሪኑ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ቀድሞ ከተቋረጠ ብረቱ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ጥርስ ሊነቀሉ ቢሄዱ እንኳ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ እንዳያቆሙ።

ከባሕር ዳር፦ እህታችን እውነቷን ነው። አጎቴ በአራተኛው ወር ጸበል ገባና «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ተወ። በሁለተኛው ሳምንት ተሸክመነው ወጣን። ተረፈ፣ ግን ልቡ ደክሟል፤ ዳገት አይወጣም። ጸበሉን የሚያስጠምቁት አባት ራሳቸው «መድኃኒት ተው ያለህ ማነው?» ብለው ተቆጡት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ስቴንት ያስገባሁት በ2016 ነው። ሰውየውን ከወንበር አስነሡት እባካችሁ! እኔም መጀመሪያ ሌሊት ደረቴን እየዳሰስኩ ነበር የማድረው። ሐኪሜ በቀን 5 ደቂቃ ሜዳ ላይ መራመድ አስጀመረኝ፣ ቀስ በቀስ 30 ደረስኩ። ቡናዬን እጠጣለሁ። ሲጋራውን ግን በዚያው ተውኩት። ሰው የሚያፍርበትንም ልንገርህ፦ የትዳር ነገር። ሐኪሜ «ሁለት ፎቅ ደረጃ ደረትህን ሳያምህና ሳታለከልክ ከወጣህ አትፍራ» አለኝ። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ግን ቪያግራ ፈጽሞ አይነካም።

የልብ ክፍል ነርስ፦ የጾሙን ነገር ረሳሁት። ሁለቱም ክኒኖች በቀን አንዴ ናቸው፣ ስለዚህ ሐኪሙን አማክራችሁ ሁልጊዜ ማታ ማድረግ ይቻላል። በቀን ሁለቴ የሚወሰድ ካለ ግን ጠይቁ። ለጨጓራ ብላችሁ ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ ገዝታችሁ ከሆነም ተናገሩ፤ የክሎፒዶግሬልን ጉልበት ይቀንሳል። በፓንቶፕራዞል ሊቀየር ይችላል። የስቴንቱን ካርድ ደግሞ ከኪሳቸው አትለዩት።

ጠያቂ፦ ኦሜፕራዞሉን በምን አወቅሽው? ሁለት ፓኬት ቤት ውስጥ አለ! ዛሬ ለሐኪሙ ደውዬ አስቀየርኩት። የደም ማቅጠኛዎቹንም ማታ 1 ሰዓት፣ ከዜና በፊት፣ አድርገናቸዋል። የንስሐ አባቱም «በሽተኛ ጾም አይገደድም» ቢሉት አኩርፎ እስከ 6 ሰዓት ብቻ ሊጾም ተስማማ። ዛሬ እስከ ሱቁ በእግሩ ሄዶ ተመልሷል። ወንድሜን ስቴንቱን ተወው፣ የደም ግፊት መለኪያ ላክ ብዬዋለሁ።