ለአራት ምሽት ቡዳፔስት ነኝ፤ ከሥልጠና በኋላ ምን ይደረጋል?

የሰበታዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በኅዳር የመጨረሻዎቹ ቀናት ለሥልጠና ቡዳፔስት እሄዳለሁ። ሥልጠናው ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በባቡር ወደ ቪየና፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አዲስ። ቀኑን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ነን፤ የምንለቀቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከተማዋን የማያት በማታ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለ ማታዋ ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ባርና ስለ ጭፈራ ነው። እኔ አልጠጣም። በዚያ ላይ የነቢያት ጾም ገብቷል። አብሮኝ የሚሄደው ባልደረባዬ ግን መጠጥ ይወዳል፤ «ቡዳፔስት ድረስ ሄደሽ በ2 ሰዓት ልትተኚ ነው?» እያለ ይቀልድብኛል። ሆቴላችን ብላሃ ሉይዛ የሚባል አደባባይ አጠገብ ነው። ሴት ልጅ ማታ ብቻዋን ብትንቀሳቀስ ችግር አለው? ምን ልይ? ምንስ ልብላ? አበሌም እንደምታውቁት ነው።

ተማሪዋ

እንኳን ደህና መጣሽ ልበልሽና ልጀምር፤ እዚሁ ነው የምማረው። በሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ የመጣን ብዙ ሐበሾች አለን።

መጀመሪያ ስለ ጨለማው። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። አንቺ ስትለቀቂ ከተማው ሁለት ሰዓት ሙሉ በመብራት ቆይቷል። አትዘኚ፣ ቡዳፔስት ከቀን ይልቅ ማታ ነው የምታምረው። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም።

የሆቴልሽ ቦታ ደግሞ እድለኛ ያደርግሻል። ከብላሃ በሜትሮ ቁጥር 2 ተሳፈሪና ባቲያኒ አደባባይ ላይ ውረጂ፤ አራተኛው ፌርማታ ነው። ባቡሩ በዳንዩብ ወንዝ ሥር ያልፋል። ደረጃውን ወጥተሽ ወደ ወንዙ ስትዞሪ ፓርላማው ፊት ለፊትሽ ነው፣ ከነመብራቱ፣ ውሃው ላይ ከነጥላው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሕንጻው ያለቀው በ1904 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከፍታው 96 ሜትር ሲሆን ሃንጋሪዎች ወደዚህ አገር ገቡ የሚሉበትን 896 ዓመተ ምሕረት ለማስታወስ ነው። የቅዱስ እስጢፋኖስ ባዚሊካም ልክ 96 ሜትር ነው። የመጀመሪያ ምሽትሽን እዚያ አሳልፊ። መብራቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ስለማይቆዩ ግን አትዘግዪ።

ሁለተኛው ምሽት ትራም ቁጥር 2 ነው። ከብላሃ በ4 ወይም በ6 ቁጥር ትራም ወደ ያሳይ ማሪ አደባባይ ትሄጂና 2 ቁጥርን ትይዣለሽ። በስተቀኝ በኩል ተቀመጪ። ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል፤ ድልድዩን፣ በማዶ ያለውን ቤተ መንግሥት፣ ሁሉንም በአንድ ቲኬት ታያለሽ። የጀልባ ሽርሽርም አለ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ካማረሽ መጠጥና ሙዚቃ የሌለበትን ምረጪ። ለእኔ ግን ትራሙ ይበቃል።

ቲኬት የ72 ሰዓት ግዢ። ማክሰኞ ማታ ብትጀምሪው እስከ ዓርብ ማታ ያገለግልሻል። ነጠላ የወረቀት ቲኬት ከገዛሽ ማሽኑ ላይ ማስመታት አትርሺ። ተቆጣጣሪዎቹ ሜትሮ በር ላይ ይቆማሉ፤ «አላወቅኩም» አይሠራም።

እንቅልፍ የለሽ

ተማሪዋ ጥሩ ብላለች፤ ግን ባሮቹን ጨርሶ መዝለል ግፍ ነው። እኔም ብዙ ጠጪ አይደለሁም። ካዚንጺ መንገድ ላይ ሲምፕላ ኬርት የሚባል አለ። አሮጌ፣ ሊፈርስ የደረሰ የመኖሪያ ግቢ ነበር። አሁን ያለበት ቦታ ከገባ 2004 ጀምሮ ነው። ግድግዳው ተልጧል፤ ወንበሮቹ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ጋ የመታጠቢያ ገንዳ ተቆርጦ ሶፋ ሆኗል፤ ጣሪያው ላይ ብስክሌት ተሰቅሏል። የኛ አገር ቆራሌው ያየው እንደሆነ እዚያው ይቀራል። ከብላሃ በእግር ትደርሺበታለሽ።

ዘዴው በጊዜ መሄድ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ገብተሽ አንድ ሎሚናት ይዘሽ ክፍል ለክፍል ትዞሪያለሽ። ከ4 ሰዓት በኋላ ግን ከሙሽርነት በፊት ሊሰክሩ በቡድን የመጡ ጎረምሶች ይሞሉታል። ያኔ ውጪ።

ዳንዩብ ማዶ

ልጄ፣ እኔ ለትምህርት ቡዳፔስት የነበርኩት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ እነዚህ ባሮች አልነበሩም። ቢጫው ትራም ግን ያው ነው።

የባሮቹ ሰፈር የአይሁድ ሰፈር ነው። ብዙ ጎብኚ ይህን ሳያውቅ እየዘለለ ያልፋል። በ1944 እዚያ ጌቶ፣ የአይሁዶች ማጎሪያ ሰፈር፣ ታጥሮ ነበር። ዶሃኝ መንገድ ላይ በ1859 የተሠራውን ምኩራብ ታገኚያለሽ፤ በአውሮፓ ትልቁ እሱ ነው። ማታ ይዘጋል፤ ከውጭ ግን እይው። ፓርላማው ካለበት ጎን ወንዙ ዳር ደግሞ 60 ጥንድ የብረት ጫማዎች ተደርድረዋል። የሃንጋሪ ፋሽስቶች አይሁዶቹን ጫማቸውን አስወልቀው ወንዙ አፋፍ ላይ ይረሽኗቸው ነበር፤ መታሰቢያው የቆመው በ2005 ነው። ማታ ሰው ሻማ ያበራበታል። አምስት ደቂቃ ቁሚበት።

ሙዚቃ ከወደድሽ ኦፔራ ቤቱ አለ፤ የተከፈተው በ1884 ነው። ላይኛው ሰገነት ላይ መድረኩ በደንብ የማይታይበት ወንበር በርካሽ ይሸጣል። እኛ ተማሪዎች እዚያ ነበር ቦታችን፤ ጆሮ እንጂ ዓይን አያስፈልግም እንል ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ታንትስሃዝ ሂጂ። የጭፈራ ቤት ማለት ነው፤ ስሙ ግን አያሳስትሽ። ናይት ክለብ አይደለም። ወጣቶች የገጠሩን ጭፈራ እንዳይጠፋ ብለው በ1972 ቡዳፔስት ውስጥ የጀመሩት ነው፤ በኋላ ዩኔስኮም መዝግቦታል። ቫዮሊንና ኮንትራባስ ይዘው ይጫወታሉ፤ አንድ አስተማሪ ለጀማሪ እርምጃውን ያሳያል፤ ከዚያ ክብ ሠርቶ መጨፈር ነው። ፎኖ የሚባለው የሙዚቃ ቤት ረቡዕ ማታ የማዘጋጀት ልማድ አለው፤ ፕሮግራሙን አስቀድመሽ ተመልከቺ። እኔ አንድ ቀን በመሀል እስክስታ ብወርድላቸው ሙዚቀኞቹ ቆመው አጨበጨቡ። ትከሻሽን ይዘሽ ሂጂ።

የሰበታዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ ረቡዕን ለዚህ ያዝኩት። ባልደረባዬም «ይቺን እሄዳለሁ» ብሏል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ፍል ውኃ ማታ ይቻላል? ደግሞስ ጾመኛ ሰው ምን ይበላል? ሁሉም ሰው ጉላሽ ጉላሽ ይለኛል።

ተማሪዋ

ጉላሽ ሾርባ ነው፣ የሥጋ። ዝለይው። የአይሁድ ሰፈር ውስጥ ፋላፌልና ሁሙስ በሽ ነው። «ቬጋን» ካልሽ አስተናጋጁ ይገባዋል፤ ጾም ምን እንደሆነ መተንተን አይጠበቅብሽም። ሦስት ቃል ግን ያዢ፦ ቴይ ወተት ነው፣ ቮይ ቅቤ፣ ቶያሽ እንቁላል። «ቺፖሽ» ደግሞ የሚያቃጥል ማለት ነው። እነሱም በርበሬ ወዳዶች ናቸው። ብቻ «ቺፖሽ ነው» ብለው ሲያስፈራሩሽ አትፍሪ፣ ለሰበታ ሰው ምንም አይደለም።

በዚያን ጊዜ የገና ባዛር ተከፍቷል፤ ትልልቆቹ ቮሮሽማርቲ አደባባይና ባዚሊካው ፊት ለፊት ናቸው። ማታ ማታ ባዚሊካው ግንብ ላይ የብርሃን ትርኢት ያሳያሉ፤ በነጻ ነው። ምግቡ ግን እሳት ነው፣ ዋጋው ማለቴ ነው። ላንጎሽ የሚባል እንደ ትልቅ ፓስቲ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ አለ። በነጭ ሽንኩርት ብቻ አስደርጊው፤ ሊጡ ውስጥ ወተት ሊገባ ስለሚችል ጠይቂ። እኔ በጾም የምበላው ገስተኔ የሚሉትን የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ ነው። ጣዕሙ ስኳር ድንች ነገር ነው፤ ትኩሱን በወረቀት ይሰጡሻል፤ እጅም ያሞቃል።

ፍል ውኃ በደንብ ይቻላል። ሴቼኒ በጣም ታዋቂው ነው፤ በ1913 የተከፈተ፣ ገንዳው ውጭ ነው። በብርድ ጭንቅላትሽ ብቻ ወጥቶ በእንፋሎት መሀል መቀመጥ... እንዴት ልንገርሽ። ግን በጊዜ ስለሚዘጋ ከሥልጠና በቀጥታ ካልሄድሽ አይሆንም። ላንቺ የሚመቸው ሩዳሽ ነው። ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዓመት የሠሩት ነው። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊትም ይከፍታል፤ ከ10 እስከ 3 ሰዓት።

የሰበታዋ

ከቀኑ 10? ሌሊት አላልሽም እንዴ?

ተማሪዋ

ይቅርታ! እዚህ ስኖር አእምሮዬ ተገለበጠ። በእኛ ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት። ዓርብ ማታ ሂጂበት፤ ቅዳሜ ባቡርሽ እኩለ ቀን አይደል፣ ትተኛለሽ። የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማና ፎጣ ከሻንጣሽ አይጥፉ፤ ኪራዩ ያበሳጫል። ጣሪያው ላይ ሙቅ ገንዳ አለ፣ ከተማው ከነድልድዮቹ ከሥርሽ ነው።

ከቪየና

ስለ ገንዘብ ማንም አላነሳም። ሃንጋሪ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ገንዘቧ ፎሪንት ነው። አንዳንድ ሱቅ ዩሮ ይቀበላል፤ ምንዛሪው ግን ያስለቅሳል። መንገድ ዳር ያሉ ኤቲኤሞች «በራስሽ ገንዘብ ላስላልሽ?» ብለው ሲጠይቁ እምቢ በይ። ምግብ ቤት ደግሞ ሒሳቡን እይው፤ የአገልግሎት ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ተደምሯል፤ ሁለተኛ ጉርሻ አያስፈልግም።

አንድ ረቂቅ ነገር፦ ብር እየሰጠሽ «ኮሶኖም»፣ አመሰግናለሁ፣ አትበዪ። መልሱን ያዘው ማለት ይሆናል። እኔ በትሕትናዬ ስንት ከፍያለሁ።

ተበላሁ

ይህ ለባልደረባሽ ነው። ቫጺ መንገድ አካባቢ ማታ ብቻውን ሲሄድ ሁለት ቆነጃጅት «መንገድ ጠፋን» ወይም «ጥሩ ቤት እናውቃለን» ካሉት ዞር ይበል። እኔ ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው ቤት፣ ዋጋ ያልተጻፈበት ሜኑ፣ እነሱ ሁለት ሁለት መጠጥ አዘዙ። ሒሳቡ ሲመጣ የሳምንት አበሌ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ትከሻ በር ያህላል። ከፈልኩ። ሚስቴ እስካሁን ሻንጣዬ ጠፍቶ ነው ብላ ታውቃለች። ታክሲም ከመንገድ አታስቁሙ፣ በአፕ ጥሩ።

ተማሪዋ

የደኅንነቱን ጥያቄ ዘለልነው። ዋናዎቹ መንገዶች እስከ እኩለ ሌሊት ሰው አያጣቸውም፤ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። ቦርሳሽን ግን ትራም ላይ ከፊትሽ አድርጊ። ሜትሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ያቆማል፣ *በእኛ* አቆጣጠር! 6 ቁጥር ትራም ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ሆቴልሽ በር ላይ ያወርድሻል። ብላሃና ኬሌቲ ጣቢያ አካባቢ በጣም ሲመሽ ሰካራም አይጠፋም፤ ዝም ብለሽ እለፊ።

አንድ ምሽት ከተረፈሽ በሜትሮ ቁጥር 1 ጀግኖች አደባባይ ውጪ። መስመሩ የ1896 ነው፤ ከአውሮፓ ዋና ምድር የመጀመሪያው። ፉርጎዎቹ መጫወቻ ነው የሚመስሉት። አደባባዩ ደግሞ በ2023ቱ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ያለቀበት ነው። አማኔ በሪሶ አንደኛ፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴ ሁለተኛ። እኛ ተማሪዎቹ ባንዲራ ለብሰን ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸናል። ባለፍኩ ቁጥር ጉሮሮዬን ያሳክከኛል።

የሰበታዋ

ተመልሻለሁ፤ ውለታችሁን ሳልከፍል እንዳልቀር ብዬ ነው።

ባቲያኒን ማክሰኞ አየሁት፤ ሐሙስ ደግሞ ደገምኩት። ብረት ጫማዎቹ ጋ ዝናብ ነበር፤ አንዱ ጫማ ውስጥ ውኃ ቋጥሯል። እሱ ከዓይኔ አልጠፋም። ሲምፕላን በ1 ሰዓት ገብቼ በ2 ተኩል ወጣሁ፤ ሎሚናቱ ጥሩ ነው፣ ሶፋው ግን ያረጥባል። ሩዳሽ ጣሪያ ላይ ነፋሱ ፊቴን ቆረጠው፣ ግን አልወጣም ብዬ ጣቶቼ እስኪሸበሸቡ ተቀመጥኩ። ገስተኔ አራት ጊዜ።

ጋሼ፣ ታንትስሃዙ ላይ እርምጃው አልያዝልሽ አለኝ። ባልደረባዬ ግን ትከሻውን አንዴ ሲያንቀጠቅጠው አንዲት ሴትዮ መጥተው «አስተምረኝ» አሉት። እስከ 5 ሰዓት አልተቀመጠም፤ መጠጥም ትዝ አላለው።

ለካ እሱ የናንተን ምክር አላነበበም ነበር። መጀመሪያ ማታ ሱፐርማርኬት ገብቶ ፍሪጁ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ቃል ያያል፣ እኛ ጠጅን የምንጽፍበትን፣ አንድም ሳይጎድል። ፎቶ አንስቶ ለሚስቱ «እዚህ ጠጅ በካርቶን ይሸጣል፣ ላምጣልሽ?» ብሎ ላከ። እሷ ናት መልሳ «ላሟን አላየሃትም?» ያለችው።