ከቬትናም በጉዲፈቻ ለምንቀበለው ልጅ ምን ዓይነት የጤና ምርመራ እናስደርግ?

ተጠባባቂ እናት፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ልጅ በጉዲፈቻ ለማሳደግ ስናስብ የመጀመሪያ ምኞታችን ከአገር ቤት ልጅ መቀበል ነበር። ኢትዮጵያ በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ በሕግ ስለከለከለች ግን ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብን፤ ከረጅም ጥበቃ በኋላም ከቬትናም፣ ከዳናንግ አካባቢ፣ የአንድ ስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ፋይል ደርሶናል። አሜሪካና ቬትናም እ.ኤ.አ. በ2014 በጀመሩት ልዩ ፕሮግራም የሚቀርቡት ልጆች አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ከወንድም ወይም ከእህት ጋር አብረው የሚሄዱ፣ አለዚያም የተለየ የሕክምና ክትትል የሚሹ ስለሆኑ፣ ልጁ የጤና ጉዳይ ሊኖረው እንደሚችል አስቀድመን አውቀን ነው የገባንበት።

ልጁ የተወለደው ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ሲሆን ሁለቱም በቀዶ ሕክምና ተሰፍተውለታል። ፋይሉ አራት ገጽ ብቻ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የለበትም ይላል፤ ምርመራው የተደረገው ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ደም ማነስ እንዳለበትና ለሦስት ወር የአይረን ሽሮፕ ወስዶ ለውጥ እንዳላሳየ ተጽፏል። ክብደቱ 16 ኪሎ ነው። እኛ ቤት የሦስት ዓመት ሴት ልጅና የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቴ አብረውን ይኖራሉ።

ልጁን ላለመቀበል ሰበብ እየፈለግሁ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እለምናለሁ። ፎቶውን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነው ልጄ ጠዋት ጠዋት «ወንድሜ» እያለች ሰላም ትለዋለች። የምጠይቀው ምን አዘጋጅተን እንደምንጠብቀው፣ እንደመጣም ምን ምን እንደምናስመረምረው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሚኒሶታ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኛም ሴት ልጃችንን ከቬትናም ያመጣናት በዚሁ ፕሮግራም ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ፋይሉን አንቺው ራስሽ መስመር በመስመር አንብቢው። ዋናውን የቬትናምኛ ቅጂ ጠይቂና ከትርጉሙ ጋር አስተያዪው። ውጤቱ በ«አም ቲን» ከተገለጸ ኔጋቲቭ፣ በ«ዙዎንግ ቲን» ከተገለጸ ደግሞ ፖዘቲቭ ማለት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ብዙ ዓይነት መሆኑንም አትርሺ፤ አንዱ ቫይረሱ ራሱ መኖሩን ያሳያል፣ ሌላው በክትባት ወይም በቀድሞ በሽታ የተገኘውን መከላከያ ያሳያል። የመከላከያው ምርመራ «ኔጋቲቭ» መሆን መልካም ዜና አይደለም፤ ልጁ ለበሽታው የተጋለጠ ነው ማለት ነው። የእኛ ተርጓሚ ሁለቱንም «የጉበት ምርመራ፣ ኔጋቲቭ» ብሎ አልፎት ነበር።

ሁለተኛው ቀን ነው። ቬትናም ቀኑን የሚጽፉት እንደ እኛ አገር ቀን አስቀድመው፣ ወር አስከትለው ነው። እዚህ የልጄን ክትባት የመዘገበችው ነርስ 05/11ን እንደ አሜሪካ ልማድ ግንቦት 11 ብላ ወሰደችው፤ ኅዳር 5 ማለት ነበር። በዚህ የተነሳ አንዱ ክትባት ልጄ ከመወለዷ በፊት የተሰጠ ሆኖ ተመዘገበ፤ ስህተቱን ለማረም ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንቺ የክትባት ካርዱን በእጅሽ ገልብጠሽ፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ።

የክትባቱም ሥርዓት የተለያየ ነው። በቬትናም የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በዘጠኝ ወር ሲሆን፣ አሜሪካ ግን ከመጀመሪያው የልደት ቀን በፊት የተሰጠውን አትቆጥረውም። በ18 ወር የሚሰጠው ደግሞ ለኩፍኝና ለሩቤላ እንጂ ለጆሮ ደግፍ አይደለም። ልጃችሁ ገና አሥር ዓመት ስላልሞላው፣ ለቪዛው ሲባል እዚያው ክትባት እንዲወጋ አይገደድም፤ እዚህ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ለማስከተብ ዲኤስ-1981 የተባለውን ቅጽ ትፈርማላችሁ። እኛም እንደዚያው አደረግን፤ በሆ ቺ ሚን ከተማ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል በማታውቀው ሰው እጅ ተይዛ እንድትወጋ አልፈለግንም።

የሕፃናት ሐኪም፣ ቨርጂኒያ

ለጠያቂዋ እህታችን፣ ከሥራዬ የተነሳ በርካታ የጉዲፈቻ ልጆችን አይቻለሁ፤ ልጁን ያየው ሐኪም የሚወስነው እንደተጠበቀ ሆኖ ጥቂት ልበል።

ለቪዛ በሆ ቺ ሚን ከተማ የሚደረገው ምርመራ ሙሉ የጤና ምርመራ አይደለም፤ ዓላማው ለመግባት የሚከለክል ተላላፊ በሽታ መኖር አለመኖሩን ማጣራት ነው። ከሁለት እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች በደም የሚሠራ የቲቢ ምርመራ በዚያ ስለሚደረግ የውጤቱን ቅጂ ይዘው ይምጡ። ዋናው ምርመራ እዚህ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ መደረግ ይኖርበታል፤ ቀጠሮውን ከመሄድዎ በፊት ይያዙ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ደም ማነሱ ነው። ፋይሉ «ሦስት ወር አይረን ወስዶ አልተለወጠም» ማለቱ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ምክንያቱ የብረት ማዕድን እጥረት ላይሆን ይችላል። በቬትናም ታላሴሚያን፣ ማለትም በዘር የሚወረስ የደም ማነስ በሽታን፣ የሚያስከትለውን ዘር የተሸከሙ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አሉ፤ ሄሞግሎቢን ኢ የሚባለው፣ እንዲሁ የሚወረስ የደም ለውጥም በዚያ አካባቢ በብዛት ይታያል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ልጅ የቀይ የደም ሴሎቹ መጠን ከተለመደው ትንሽ ይሆናል እንጂ አይታመምም፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ይህን ሳያጣሩ አይረን መደጋገም ጥቅም የለውም፤ ሳያስፈልግ ሲበዛም ይጎዳል። ስለዚህ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የብረት ክምችት ይለካለት፤ የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን የሚለየው ምርመራም ይደረግለት። አሜሪካ የሚወለድ ሕፃን ይህን ምርመራ በተወለደ በቀናት ውስጥ ያገኛል፤ ልጃችሁ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም። አልፋ ታላሴሚያ ተሸካሚ በሆኑ ልጆች ላይ ይህ ምርመራ ንጹህ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል ሐኪሙ የዘረ መል ምርመራ ሊጨምር ይችላል።

ደም ማነስን የሚያስከትሉ ሌሎች ሁለት ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው ደም የሚመጥጡ የአንጀት ትላትሎች ናቸው፤ ሰገራው በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይመርመር፣ ወስፋቱም ጃርዲያውም በአንድ ናሙና ላይታይ ይችላልና። ሁለተኛው በደም ውስጥ ያለ እርሳስ ነው፤ በቬትናም አሮጌ የመኪና ባትሪ በየቤቱ የሚቀልጥባቸው መንደሮች ነበሩ፣ ልጁ የት እንዳደገ ደግሞ በፋይሉ ሁሉን አናገኝም። ምርመራው ቀላል ነው፤ ሲመጣና ከጥቂት ወራት በኋላ ይደረግ።

ሳንባ ነቀርሳን በተመለከተ፣ ቬትናም ልጆቿን እንደ አገራችን በልደት ወቅት ቢሲጂ ትከትባለች። የቆዳው ምርመራ ቢያብጥ «የክትባቱ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ በደም የሚሠራው በክትባቱ አይሳሳትምና እርሱ ይመረጣል። የተጎዳና ክብደቱ የቀነሰ ልጅ ሰውነቱ ምላሽ ላይሰጥ ስለሚችል፣ ውጤቱ ኔጋቲቭ ቢሆንም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይደገም። ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ፤ ቫይረሱ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። እንደመጣ ይመርመር፣ ከስድስት ወር በኋላም ይደገም። የሁለት ዓመቱ ወረቀት ስለዛሬው ደሙ የሚነግረን ነገር የለም፤ ከዚያ በኋላም ቀዶ ሕክምና ወይም መርፌ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ሲም አብረው ይታያሉ።

16 ኪሎው አያስደንግጥዎት። በማሳደጊያ የቆየ ልጅ በቆየባቸው በየሦስት ወሩ የአንድ ወር ያህል የቁመት ዕድገት ወደ ኋላ እንደሚቀር ይገመታል፤ በቤተሰብ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት የሚያደርገው ዝላይ ብዙ ጊዜ ያስደስታል። በጀርባው ወይም በመቀመጫው ላይ ከልደቱ ያለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለ ሐኪሙ እንዲመዘግበው ያድርጉ፤ አለበለዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የድብደባ ምልክት ነው ብሎ የሚጠረጥር ይመጣል።

አንድ የማይታለፍ ነገር ልጨምር። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ ከጆሮው ታምቡር ኋላ ፈሳሽ እየተጠራቀመ የመስማት ችግር ሊያገኘው ይችላል። ጆሮው በባለሙያ ይመርመር። ንግግሩንም ቬትናምኛ የሚናገር የንግግር ሕክምና ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይስማው። በዚህ ዕድሜ የሚመጡ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በወራት ውስጥ ይረሳሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድን ድምፅ ማውጣት ያቃተው በላንቃው ይሁን ቋንቋው አዲስ ስለሆነበት መለየት በጣም ይከብዳል።

አባት፣ ዳላስ

ዶክተሩ ካነሱት ጋር የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለኝ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቤት በተለይ ስለሚመለከት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የእኛ ልጅ ከቬትናም የመጣ ሲሆን ጂ6ፒዲ የሚባል የደም ሴል ኢንዛይም እጥረት አለበት። ይህ ከእናት የሚወረስና በወንዶች ላይ የሚበዛ ነው። ማንም ስላላስመረመረልን አላወቅንም ነበር። በመጣ በአምስተኛው ወር፣ በዐቢይ ጾም፣ ባለቤቴ ስልጆ አዘጋጅታ ነበርና ልጁ ወደደው፤ በእንጀራ እየጠቀሰ ሁለት ቀን በላ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ሆኖ መጣ፤ ከንፈሩ ነጥቶ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኖ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ሮጠን ደም ተሰጠው። ሐኪሟ «ባቄላ በልቷል ወይ?» ብላ ስትጠይቀን ባለቤቴ ቃል አጥታ እኔን አየችኝ፤ ስልጆ የሚሠራው ከባቄላ ዱቄት ነዋ!

እህቴ፣ ይህ ምርመራ መደረጉን አረጋግጪ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ እሸት ባቄላ፣ አሹቅ፣ ፉል፣ ስልጆና እልበት አትስጪው። የሽሮውን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከአገር ቤት የሚላክልን ሽሮ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ባቄላ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል የፈጨችውን ሰው ጠይቂ። እኛ አሁን የሽምብራ ብቻ ለይተን እናስፈጫለን። ልብስ መሀል የሚደረገው ናፍታሌንም ለእነዚህ ልጆች አደገኛ ነው፤ የእናትሽን ሻንጣ ሳይቀር እዪው። ምርመራው ልጁ በታመመበት ሰሞን ከተደረገ ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ስለሚችል፣ የእኛ የተረጋገጠው ከሦስት ወር በኋላ ተደግሞ ነው።

ተጠባባቂ እናት፣ ሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬውኑ የሽሮውን ዕቃ ከፍቼ እናቴን ጠየቅኋቸው፤ «ግማሹ ባቄላ ነው» አሉኝ።

ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ይፍቀዱልኝ። እናቴን ለመጠበቅ ሲባል ምን ማድረግ አለብን? ልጁ ሄፓታይተስ ቢ ቢገኝበትስ ከአንድ ትሪ መብላት ይቻላል? እርሳቸው ሳያጎርሱ ልጅ ማሳደግ አያውቁም።

የሕፃናት ሐኪም፣ ቨርጂኒያ

እናትዎ ያጉርሱት፤ ከአንድ ትሪ መብላትም ሆነ መጎራረስ ሄፓታይተስ ቢን አያስተላልፍም። የሚተላለፈው በደምና በሰውነት ፈሳሽ ስለሆነ የጥርስ ብሩሽ፣ ምላጭና የጥፍር መቁረጫ ለየራስ ይሁን፤ ቁስሉም በጓንት ይታጠብ። ቤተሰቡ በሙሉ የተከተበ ከሆነ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም። ትንሿ ልጅዎ እዚህ ከተወለደች ተከትባ ይሆናል፤ ካርዷን ይመልከቱ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና እናትዎ ግን ከመከተባችሁ በፊት ተመርመሩ፤ ሄፓታይተስ ቢ በአገራችንም የተስፋፋ ስለሆነ ሳያውቁት ይዘውት የሚኖሩ ብዙዎች አሉ፤ ልጁን የሚያሰጋው ሰው እኛው ቤት ውስጥ ሊገኝም ይችላል።

ከማጉረስ ጋር የሚገናኘው ሄፓታይተስ ኤ ነው። ልጆች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን በሰገራቸው ስለሚያስወጡ፣ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ልጁን ቀርቦ የሚንከባከብ ሁሉ እንዲከተብ ይመከራል፤ ቢቻል ልጁ ከመምጣቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ። በሽታው በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ይበረታል። ይሁንና አገር ቤት ያደግን ብዙዎቻችን በልጅነታችን ይዞን አልፎናልና የእናትዎ ደም መከላከያው እንዳለው በምርመራ ይታወቃል። ካለው ክትባቱ አያስፈልጋቸውም፤ ከማጉረሳቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና መታጠባቸው ይበቃል።