እማዬ «ዛሬ ሥላሴ ነው» ብላ ነጥብ ተቀነሰባት፤ ኤምአርአዩስ ያዋጣል?

የአራዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እማዬ ሰባዎቹን አጋምሳለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም ስትነግድ የሃያ ሰው ዱቤ በቃሏ ትይዝ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ሽሮ ጥዳ ትረሳለች። በቀደም ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የራሳችንን ቅያስ አልፋ ሄዳ የሰፈር ልጅ ይዟት መጣ።

ሐኪም ቤት ወሰድናት። አንድ ወጣት ባለሙያ ወረቀት ይዞ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አላት። «ሥላሴ ነዋ!» ዕለቱ 7 ነበር፤ ልጁ ግን ስሕተት ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «ሰዓት ሣይና አሥራ አንድ ከአሥር አድርጊው» አላት። እርሳሱን እንደ ማማሰያ ጨብጣ አንድ ጠማማ ክብ አወጣች። ደግሞስ በእኛ አሥራ አንድ ነው በፈረንጅ? መርፌዎቹ የሚያርፉበት ቦታ እኮ የተለያየ ነው! ከ30 ነጥብ 11 አገኘች። «አልዛይመር ይመስላል፤ ኤምአርአይ አሠሩ» ተባልን። እንደው በወረቀትና በፎቶ የመርሳት በሽታ ዓይነቱ ይለያል? ወይስ ገንዘብ መጨረስ ነው?

ነርሷ ከማራኪ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ሰዓት የሚያሥለው ሞካ የሚሉት ፈተና ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ የወጣ። ትምህርቱ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ሰው የሚጨምረው 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ለእናትሽ ምን ይረባታል? ላልተማሩ ሰዎች ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ሞካ አለ። ሩዳስ የሚባለውም ይሻላል፤ ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና ብሎ የሱቅ ዕቃ ያስይዛታል፣ መኪና የበዛበት መንገድ እንዴት እንደምትሻገር ይጠይቃታል።

ድምሩን ተይውና የትኛው ላይ እንደወደቀች ጠይቂ። የተነገሯትን ቃላት ከደቂቃዎች በኋላ ፍንጭ ተሰጥቷትም ካጣቻቸው ወደ አልዛይመር ያዘነብላል። በፍንጭ ከመጡላት፣ ግን አሳቧ ከተንቀራፈፈ፣ በተለይ ደም ግፊት ካለባት፣ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠረጠራሉ። ጠባይ ወይም ንግግር ቀድሞ ከተበላሸ ደግሞ የፊተኛው አንጎል ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ኤምአርአይ ይህንኑ ያጠናክራል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። በአልዛይመር ቀድሞ የሚሟሽሸው ሂፖካምፐስ የሚባለው የትዝታ ክፍል ነው፤ በጆሮ ግንድ አቅጣጫ ከውስጥ ግራና ቀኝ ያለው። የደም ሥሩ ዓይነት ትናንሽ የስትሮክ ጠባሳና ነጫጭ ምልክት ያሳያል። ያም ሆኖ ዕድሜ ብቻውንም አንጎልን ያሟሽሻል። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት ደሟን አስመረምራለሁ፤ ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ። ቀጥሎ ርካሹን ሲቲ ስካን። የሚድን ነገር ካለ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

የአዘዞው፦
የእኛ አባት ሌላ ነበር። ትዝታው ደህና ነው፤ መደቡ ላይ «እነዚህ ሕፃናት የማን ናቸው? እራት ስጧቸው» ይላል፣ ሕፃን የለም። አንድ ቀን ጥርት ብሎ ያወጋል፣ በማግሥቱ ይዘበራረቃል። ሌሊት በሕልሙ እየተራገጠ እናቴን ከአልጋ ያወርዳታል። ፈተናው ላይ ቃላቱን ይዞ ሥዕሉ ላይ ወደቀ። ኤምአርአዩም ሂፖካምፐሱ ብዙም አልተነካም አለ። ኋላ ላይ ሌዊ ቦዲ የሚባለው ሌላ የመርሳት በሽታ ዓይነት ነው ተባለ። ያ ከመታወቁ በፊት አንድ ቦታ ለቅዠቱ ሃሎፔሪዶል የሚሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሰጥተውት እንደ ግንድ ደርቆ ቀረብን። ስለዚህ ዓይነቱን መለየት ዋጋ የለውም የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ። የሌለ ነገር ታያለች ወይ? እሱን ንገሪያቸው።

የአራዳዋ፦
ተባረኩ። የሌለ ነገር አታይም። ደም ግፊት ግን አለባት። አንድ ነገር ደግሞ፦ ከፋሲካ በኋላ ደረጃ ላይ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመታለች፤ «ደህና ነኝ» ብላ ተነሣች፣ ቁስልም አልነበራት። መንገድ መሳቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ይገናኝ ይሆን?

ነርሷ ከማራኪ፦
ኧረ ይህንን ነበር አስቀድሞ መናገር! በአረጋውያን ላይ ከራስ ቅል ሥር ደም ቀስ እያለ ይጠራቀምና ከሳምንታት በኋላ ነው ምልክቱ የሚወጣው። ሲቲ ያሳየዋል፣ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። ነገ ጠዋት መውደቋን ለሐኪሙ ንገሪውና የሲቲው መጠየቂያ ወረቀት ላይ ይጻፈው። ራስ ምታት ከጸናባት፣ አንድ ጎኗ ከዛለ ወይም እንቅልፍ ካበዛች ግን ነገን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።