ኩዙ ይጥፋ ወይስ ይኑር?

የዛሬው መከራከሪያችን፦ ኩዙ የጃፓን ሐረግ ነው። ከድሮ ጀምሮ ይበላል፣ ይለበሳል፣ ይታከሙበታል። አሁን ጦም ያደረውን እርሻ፣ የወንዙን ዳር፣ የባቡሩን አጥር እየሸፈነ አስቸግሯል። በፀረ አረም ይጥፋ ወይስ ይኑር?

የጓሮ ሰው፦ ይጥፋ! እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። ኩዙም በ1876 ፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ ሲታይ የሚያምር ጌጥ ነበር። በ1930ዎቹ አሜሪካኖች አፈር እንዲይዝላቸው ብለው በገፍ ተከሉት። ዛሬ በደቡቡ አገራቸው ዛፉንም ባዶ ቤቱንም እየዋጠ ነው።

ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ እምቦጭ መጤ ነው። ኩዙ ግን ጃፓን አገሩ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን በተሰበሰበው ማንዮሹ በተባለው የግጥም መድበል ውስጥ ገጣሚው ያማኖኤ ኖ ኦኩራ ከሰባቱ የመጸው አበቦች አንዱ ብሎ ቆጥሮታል። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ነው። ነፋስ ሲመጣ ይገለበጣል። በጃፓንኛ «ጀርባውን ማየት»ም «ቅሬታ»ም «ኡራሚ» ይባላሉ። እኛ ብንሆን ሰምና ወርቅ እንለው ነበር! በአፈ ታሪካቸው ሴት ሆና ያገባችው ቀበሮ ማንነቷ ሲታወቅ ልጇን ትታ ትሄዳለች። ስሟ ኩዙኖሃ፣ የኩዙ ቅጠል ነው። «ከናፈቅኸኝ ሺኖዳ ጫካ ና» የሚለው የስንብት ግጥሟም በዚያው «ኡራሚ» በሚለው ቃልና በስሟ ይዘጋል። ይሄን ሁሉ ያዘለ ሐረግ ላይ መርዝ ይረጫል?

የቡላ ልጅ፦ እኔ የማውቀው በአፌ ነው። ጃፓን፣ ናራ ውስጥ፣ ዮሺኖ አካባቢ፣ ሥሩን በብርዱ ወራት ቆፍረው ይወቅጡታል። በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያጥቡታል፣ ያዘቅጡታል። ልክ እንደ ቡላችን! ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ጎረቤቴ ኩዙዩ የሚባለውን የኩዙ ዱቄት ትኩስ መጠጥ ሠራችልኝ። በውሃ ተበጥብጦ ሲማሰል መጀመሪያ ወተት ይመስላል። ከዚያ በአንዴ ይወፍርና እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ካኮንቶ የሚባለው የጉንፋን መድኃኒታቸውም ዋናው ነገሩ ይኸው ሥር ነው።

የጓሮ ሰው፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ግን ማን ይቆፍር? ሥራው ጉልበት ይጨርሳል። ገበያ ላይ ስንቱ የኩዙ ዱቄት የስኳር ድንች ስታርች የተቀላቀለበት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ኩዙሞቺ ብለው የሚሸጡት ጣፋጭ እንኳ ከስንዴ ስታርች ነው የሚሠራው።

ተማሪዋ፦ ሥሩን ተወው፣ ሐረጉን እንይ። ሺዙዎካ ውስጥ፣ ካኬጋዋ፣ በበጋ አጭደው ይቀቅሉታል። በሣር ሸፍነው ያቦኩታል፣ ያጥቡታል፣ ከልጡ ክር ያወጣሉ። ጨርቁ እንደ ሐር ያብለጨልጫል፤ የሳሙራዮች የክብር ልብስ ይሰፋበት ነበር። ሳሙራይ ሲቀር የግድግዳ ልባስ አድርገው አሜሪካ ድረስ ላኩት። ሸማኔው የሚፈልገው ደግሞ አንተ ልታጠፋው ያሰብከውን፣ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ረጅሙን ሐረግ ነው። ይታጨድ እንጂ አይመረዝ!

የጓሮ ሰው፦ ማጨዱን ተስማማሁ። ለፍየልም ይሆናል። የሐዲዱ ዳር ግን አልለቅም። እዚያ ከነሥሩ ይውጣ።