ሜይፍላይ ከወንዝ የሚወጣበትን ምሽት የሚወስነው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በዊስኮንሲን ግዛት፣ ላክሮስ ከተማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ነው። ባለፈው ጁላይ አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ፣ ሜይፍላይ የሚሏቸው ባለረጅም ጭራ በራሪ ነፍሳት በድልድዩ መብራቶች ሥር ተቆልለው፣ ጎማ እስኪያንሸራትት ድረስ አስፋልቱን ሸፍነውት አገኘሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን የቀረው ሬሳቸውና የዓሣ ሽታ የመሰለ ጠረናቸው ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከወንዙ የሚያስወጣው ምንድን ነው? ምሽቱንስ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

መልስ 1፦
ያዩት ሄክሳጄኒያ የሚባለው ወገን ይመስለኛል። እጩ፣ ማለትም ክንፍ ሳያወጣ ውሃ ውስጥ የሚኖረው ልጁ፣ በወንዙ ወለል ደለል ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የበሰበሰ ነገር እየተመገበ፣ እንደ ውሃው ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይቆያል። እድገቱን የሚያፋጥነው ሙቀት በመሆኑ፣ የሚወጣበትን ጊዜ የሚቆርጠው የካላንደር ቀን ሳይሆን ከበረዶው መቅለጥ ጀምሮ ውሃው የሰጠው ሙቀት ድምር ነው፤ ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የበሰሉት ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ ሰዓቱን የሚሰጣቸው የፀሐይ መጥለቅ ነው። አብረው መውጣታቸውም ግድ ነው፤ ጎልማሳው የሚሠራ አፍ ስለሌለውና ዕድሜው ከአንድ ሁለት ቀን ስለማያልፍ፣ ብቻውን የወጣ ተጓዳኝ ሳያገኝ ይሞታል።

መልስ 2፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከውሃ የወጣው ገና አልጨረሰም። ጠዋት ግድግዳዎ ላይ ክንፉ የደበዘዘ ካገኙ ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ ጀርባው ይሰነጠቅና የክንፉን ሽፋን ሳይቀር ገፎ፣ እንደ መስታወት የጠራ ክንፍ ይዞ ይወጣል። ለበረራ የደረሰ ክንፍ ካወጣ በኋላ ቆዳውን የሚገፍ ሌላ የነፍሳት ወገን ዛሬ የለም። በዚህ ምክንያት የሚወጡበትና የሚጋቡበት ምሽት አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። መንጋው ሲበዛ የአየር ሁኔታ ራዳር እንደ ዝናብ ያየዋል፤ የእናንተው ከተማ ራዳር እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2014 ምሽት ከወንዙ ሲነሣ በግልጽ አሳይቶታል።

መልስ 3፦
ሙቀት ብቻውን ሁሉን አይፈታም። የውሃው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም በማይለዋወጥበት በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ፖቪላ አዱስታ የሚባለው ሜይፍላይ የሚከተለው ጨረቃን ነው፤ በብዛት የሚወጣውም ከሙሉ ጨረቃ በኋላ በሁለተኛው ምሽት ገደማ ነው። ለእርስዎ ወንዝ ግን ከሜይ ጀምሮ የውሃውን ሙቀት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት እየለኩ ይመዝግቡ፣ ሲመሽም ራዳሩን ይመልከቱ። በሰመር ውስጥ ደጋግመው ስለሚወጡ አንዱ ቢያመልጥዎ ሌላ ይኖራል። በዚያ ምሽት የደጅ መብራትዎን ቢያጠፉ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው፤ ብርሃን የሳባት እንስት በውሃው ፋንታ አስፋልት ላይ የጣለችው እንቁላል ደርቆ ይቀራልና።