ሳንቶ ጭምብሉን መግለጡ ልክ ነበር?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው። በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ አንድ ሜክሲኳዊ ባልደረባ አለኝ። ስድሳን የተሻገረ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ትግል ስናወራ ኤል ሳንቶን አነሳሁበት። አቤት ቁጣ! «ያን ማድረግ አልነበረበትም» ብሎ የቲኬት ማሽኑን በመዳፉ መታው። ነገሩ ከሆነ አርባ ዓመት አልፎታል። እሱ ግን ትናንት የሆነ ነው የሚመስለው።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ኤል ሳንቶ ስመ ጥር የሜክሲኮ የሬስሊንግ ታጋይ ነበር፤ ስሙ «ቅዱሱ» ማለት ነው። የመዝገብ ስሙ ሮዶልፎ ጉዝማን ሁዌርታ ይባላል። በ1917 ኢዳልጎ ግዛት ውስጥ ቱላንሲንጎ ከተማ ተወለደ። ከ1942 ጀምሮ የብር ቀለም ያለው ጭምብል አጥልቆ ታገለ። መጀመሪያ 20 ዓመት ያህል «ሩዶ» ነበር፤ ማለትም ሕግ የሚጥስ፣ ሕዝብ የሚያፏጭበት ክፉ ታጋይ። በ1962 ወደ «ቴክኒኮ» ተዛወረ፤ እነዚህ ደግሞ ጨዋዎቹ ናቸው። ከ50 በላይ ፊልም ሠርቷል። በሁሉም ውስጥ ጭምብሉ አለ። ሚስት አቅፎም፣ መኪና እየነዳም፣ ከቫምፓየር ጋር እየተናነቀም።

ሴፕቴምበር 1982 ላይ፣ 65 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ትግል አቆመ። ጃንዋሪ 1984 መገባደጃ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። እዚያ ማንም ሳይጠብቀው ጭምብሉን ከአገጩ ወደ ላይ ገለጥ አደረገና ፊቱን አሳየ። ከዚያ መልሶ አወረደው። ፌብሩዋሪ 5 ልቡ ቀጥ አለና ሞተ።

እና ልክ ነበር? እኔ አልነበረም ባይ ነኝ። 40 ዓመት የጠበቅከውን ነገር እንዴት በወሬ መሃል ትለቃለህ?

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦
ወንድሜ፣ ፊቱ የራሱ አይደለም እንዴ? ማንን ያስፈቅድ?

እኔ ባለ ጭምብል የማውቀው ሬይ ሚስቴሪዮን ነው። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ሬስሊንግ ሲከፈት የሱ ተራ እስኪደርስ አንገታችን ይሰበር ነበር። አሜሪካ ይወለድ እንጂ ትግሉን የተማረው ከሜክሲኮዎቹ ነው፤ ያውም ከአጎቱ። እሱን በ1999 አስወልቀውታል። ይሠራበት የነበረው ደብሊው ሲ ደብሊው የሚባል የሬስሊንግ ድርጅት ውርርድ ያለበት ግጥሚያ አዘጋጅቶ ተሸነፍክ ተባለና ባዶ ፊቱን ቀረ። ራሱ አልፈለገውም። በ2002 ደብሊው ደብሊው ኢ ወደሚባል ሌላ ድርጅት ሲሄድ ጭምብሉን መልሶ አጠለቀ። በ2006 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ፊቱን ያየ ሰው ሁሉ «አሁንማ አውቀንሃል» ብሎ ጥሎት ሄደ? አልሄደም። ታዲያ ሳንቶ ለጥቂት ሰከንድ ቢያሳይ ምን ተበላሸ?

ሰማያዊው፦
ያመጣኸው ምሳሌ አንተኑ ይመታሃል። ሬይ ሚስቴሪዮ ለምን መልሶ አጠለቀው? ያለሱ ግማሽ ሰው ስለሆነ ነው። በሜክሲኮ ባህል ደግሞ የተሸነፈ ጭምብል አይመለስም። ያ ነገር አሜሪካ ስለሆነ ነው ያለፈው።

እኔ የሳንቶ ተቀናቃኝ የነበረው፣ ባለ ሰማያዊ ጭምብሉ ታጋይ፣ የብሉ ዴሞን ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። አሁን ይሄን ስሙ። በ1952 ብሉ ዴሞን ብላክ ሻዶው የሚባል የትግል ጓደኛ ነበረው። ወንድማማቾች ተብለው ነበር የሚታገሉት። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 7 ሳንቶና ብላክ ሻዶው አሬና ኮሊሴዮ በሚባለው የትግል አዳራሽ ውስጥ ጭምብል ለጭምብል ተወራረዱ። ሳንቶ አሸነፈ። ብላክ ሻዶው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጭምብሉን አወለቀ፤ አሌሃንድሮ ክሩዝ መሆኑን አገር አወቀ። ብሉ ዴሞን ያን ቂም ይዞ በሚቀጥለው ዓመት የሳንቶን የዓለም ቀበቶ ነጠቀው። ሜዳ ላይ፣ በግልጽ።

እንግዲህ ፍረዱ። የሰው ጭምብል በጉልበቱ ያስወለቀ ሰው የራሱን ወንበር ላይ ተደላድሎ በነፃ ሰጠ። ብላክ ሻዶው ቤቱ ሆኖ ያንን ቢያይ ምን ይሰማው ነበር? ብሉ ዴሞን ግን በ2000 እስኪሞት ድረስ ለማንም ተሸንፎ አላወለቀም። ሲቀበርም ከነጭምብሉ ነው።

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦
ሳንቶም እኮ ከነጭምብሉ ነው የተቀበረው! ብሩን ለብሶ ነው መቃብር የወረደው። ስለዚህ አንድ ለአንድ ናችሁ።

ተጠራጣሪው፦
ይቅርታ፣ ነገሩን አከበዳችሁት። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የተነጋገሩበት ድራማ ነው እኮ። ጭምብሉም የዕቃ ዕቃ ጨዋታ አካል ነው። ተዋናይ ከመድረክ ሲወርድ ቀሚሱን ያወልቃል፤ ይህ ለምን አርባ ዓመት ያስቆጣል?

ሰማያዊው፦
ውጤቱ የተነጋገሩበት ይሁን። ውርርዱ ግን የእውነት ነው። ስንት ሰው የማይገባው እዚህ ላይ ነው። ታጋዩ ሲሸነፍ ሪንጉ መሃል ቆሞ እውነተኛ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና ስንት ዓመት እንደታገለ ይናገራል። ያ ስም በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ማነው መልሶ የሚደብቀው? ዶክተር ዋግነር ጁኒየር በ2017 ለሳይኮ ክላውን ሲሸነፍ 30 ዓመት ያህል የታገለበትን ጭምብል ነው ያስረከበው። እንባው ቲያትር ነው ካልክ አልከራከርህም። ጭምብሉ ግን አልተመለሰለትም።

እንዲያውም ነገሩ የቆየ ነው። የመጀመሪያው የጭምብል ውርርድ በ1940 ነው የሆነው። «የሌሊት ወፍ» የሚባለው ሙርሲዬላጎ ቬላስኬስ ጭምብሉን፣ ኦክታቪዮ ጋኦና ደግሞ ፀጉሩን አስያዙ። የሌሊት ወፉ ተሸነፈ።

የሕግ ሰው፦
የሌሊት ወፉን ካነሳህ አይቀር አንድ ልጨምር። ሳንቶ «ሳንቶ» ከመሆኑ በፊት በሌላ ስም ይሞክር ነበር። አንዱ «ሙርሲዬላጎ ሁለተኛ» ነው። ዋናው ሙርሲዬላጎ ለትግል ኮሚሽኑ አቤት አለና ስሙን አስነጠቀው። ከዚያ አስተዳዳሪው «ቅዱሱ፣ ሰይጣኑ፣ መልአኩ» ብሎ ሦስት ስም አቀረበለት። ቅዱሱን መረጠ፤ ግን ክፉ ታጋይ ሆኖ ነው የጀመረው። (ይህ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቅዱስ ነኝ እያለ ሰው የሚያንቅ!)

የኔ ጥያቄ ግን «ልክ ነው ወይስ አይደለም» የሚል አይደለም። ጭምብሉ የማን ነው? ሆሴ ክሩዝ የሚባል አሳታሚ ከ1952 ጀምሮ የሳንቶን የፎቶ መጽሔት በየሳምንቱ ያወጣ ነበር። ሕዝቡ ሳንቶን የወደደው ግማሹ በዚያ ነው። በኋላ ሁለቱ ተጣሉ። አሳታሚው ምን አደረገ መሰላችሁ? ሌላ ጡንቻማ ሰው ፈልጎ፣ ግንባሩ ላይ «ኤስ» የተጻፈበት ጭምብል አልብሶ መጽሔቱን ቀጠለ። ሳንቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ እያለ ሌላ ሳንቶ ጋዜጣ መሸጫው ላይ ይታገላል።

ከሞተ በኋላም አላበቃም። ጭምብሉን የወረሰው ታናሽ ልጁ ነው፤ «የሳንቶ ልጅ» ተብሎ ራሱ ትልቅ ታጋይ ሆነ። አንድ የልጅ ልጁ «የሳንቶ የልጅ ልጅ ነኝ» ብሎ የብር ጭምብል ለብሶ ብቅ ሲል አጎትየው ከሰሰው። የልጅ ልጁ ስሙን ለመተው ተገደደ። ደሙ የአያቱ ነው፤ ጭምብሉ ግን የአጎቱ ንብረት ነው። እንግዲህ ጭምብሉን ማንም ቀምቶ ሊለብሰው ከቻለ፣ «እውነተኛው እኔ ነኝ» ለማለት ሰውየው የቀረው ማስረጃ ምንድን ነው? ፊቱ ብቻ።

ጠያቂው፦
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ግን እሱ ራሱ ለዚያ ብዬ ነው አላለም።

የሕግ ሰው፦
አላለም። እኔም ብሏል አላልኩም። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት።

የዴንቨሯ፦
እኔ ስለ ትግል ብዙ አላውቅም። ልጄ ነው የሚያየው። ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። በኛ ቋንቋ ጭምብል ለበሰ ከተባለ አስመሳይ ነው ማለት ነው። «ጭምብሉ ወለቀ» ካልን ደግሞ ሰውየው ተጋለጠ፣ ጉዱ ወጣ። ስለዚህ ሳነብ መጀመሪያ ሳንቶ እውነቱን ተናገረ፣ ጎሽ ብዬ ነበር። እነሱ ዘንድ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጭምብሉ ክብሩ፣ ፊቱ ደግሞ ገመናው ነው። ሜክሲኮ ሲቲ በ2018 ሉቻ ሊብሬን፣ ይህንኑ የሜክሲኮ ትግል፣ በቅርስነት መዝግባለች፤ ያለ ጭምብሉ ምን ቅርስ ይሆናል? በኛ ሚዛን ከመዘንነው እንሳሳታለን ባይ ነኝ።

ጫማ ሰፊው፦
ልጆች፣ ስለ ክብሩ እናንተ ተከራከሩ። እኔ ስለ ዕቃው ላውራ።

የወንድሜ ልጅ ሜክሲኮ ሲቲ ለሥራ ሄዶ ከአሬና ሜክሲኮ፣ ከትግል አዳራሹ፣ ደጃፍ አንድ ጭምብል ገዝቶልኛል። የብር ነው፤ የሳንቶ አምሳያ። ጉልበቴ ላይ ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። ጨርቁ ተቆራርጦ የጭንቅላት ቅርጽ እንዲይዝ ተገጣጥሟል። ዓይኑና አፉ ዙሪያ ሌላ ቁራጭ ተደርቦበታል። ከኋላ ግን ሳየው ደነገጥኩ። ከማጅራት እስከ አናት በሁለት ረድፍ ቀዳዳ ተበስቷል፤ ክር እየተሻገረ ይታሰራል። ከክሩ ሥር ምላስ አለው። ይሄ ጫማ ነው! ጭንቅላት ላይ የሚደረግ ጫማ።

በኋላ ስጠይቅ ለካ እውነትም ነው። በ1934 ሳይክሎን ማኬይ የሚባል አሜሪካዊ ታጋይ ጭምብል እንዲሠራለት የሄደው ጫማ ሰፊ ጋ ነው። አንቶኒዮ ማርቲኔስ ይባላል፤ የሊዮን ሰው ነው። ሊዮን ሜክሲኮ ውስጥ ያለች የቆዳና የጫማ ከተማ ናት። ሳልቫዶር ሉተሮት የሚባል ሰው የሜክሲኮን ትልቁን የትግል ድርጅት ካቋቋመ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። እንግዲህ ይሄን ሁሉ ጣጣ ያመጣው የኛው ባለሙያ ነው።

አጠለቅኩት። ባለቤቴ እየሳቀች ክሩን ሳብ ሳብ አድርጋ አሰረችልኝ። ሦስት ደቂቃ አልቆየሁም። ትንፋሼ ፊቴ ላይ ይመለሳል። ላቡ ቅንድቤ ላይ ተሰብስቦ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ከጎን የሚመጣ ሰው አይታይም። «ፍቺልኝ» ብል እሷ ፎቶ ታነሳለች። እና አሰብኩ፤ ይህ ሰው በዚህ ውስጥ ሆኖ ዘሎ ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ከዚያ ወጥቶም አያወልቅም። ሰው ፊት ሲበላ አገጩ ክፍት የሆነ ሌላ ጭምብል ነበረው። ለፊልም ውጭ አገር ሲሄድ ከሠራተኞቹ ጋር በአንድ አውሮፕላን አይሳፈርም ይባላል፤ ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ሲያወልቅ እንዳያዩት።

ልክ ነው፣ ልክ አይደለም አልልም። ደክሞት ነበር የምለው እኔ። 66 ዓመቱ ነው፣ ልቡ ታሟል። ጫማ እንኳን ማታ ይወልቃል።

ሰማያዊው፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ብሉ ዴሞንም ያው ላብ ነው ያላበው። እሱ አልደከመውም?

ጫማ ሰፊው፦
የሱንማ ልቡ ያውቃል ልጄ።

ተጠራጣሪው፦
ጋሼ ሊያሳምኑኝ ነው መሰለኝ። አንድ ነገር ግን ያስቸግረኛል። ያን ያህል ጠንቃቃ የነበረ ሰው በስህተት ገለጠው ማለት አይቻልም። አስቦበት ነው። ብዙ ሰው ሞቱ ታውቆት ነው ይላል። እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ አይጥመኝም። ከሞተ በኋላ ሁሉም ነገር ምልክት ይሆናል።

ባለ ቪዲዮ ቤቱ፦
ይኸው! አስቦበት ካደረገው ደግሞ የራሱ ውሳኔ ነው። ማንም ቀምቶት አይደለም። ሪንግ ላይ ያስወለቀው የለም። ሳይሸነፍ፣ እጁ ወዶ፣ ራሱ ገልጦ፣ ራሱ መለሰው። ሬይ ሚስቴሪዮ ያጣው ይሄን ነው።

ሰማያዊው፦
ለብላክ ሻዶው ንገረው።

ጠያቂው፦
ዛሬ ጠዋት ያን ባልደረባዬን ክርክራችንን አጫወትኩት። ስለ አሳታሚው ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፤ መጽሔቱን ልጅ ሆኖ ያነበው ነበር። ስለ ጫማ ሰፊው ስነግረው ሳቀ። ከዚያ «ለመሆኑ የዚያን ምሽት የት ነበርክ?» አልኩት።

ቤት ነበር። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ አባቱ ያያል፣ እሱ ማእድ ቤት ቡና እያሞቀ ነው። አባቱ ጮኸ። ሮጦ ሲመጣ ሳንቶ ጭምብሉን መልሶ አውርዶታል። አባቱ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

ለካ አላየውም! አርባ ዓመት ሙሉ የተቆጣበትን ነገር በዓይኑ አላየም። ስልኬን አውጥቼ «ፎቶው እኮ አለ፣ ቆይ ላሳይህ» አልኩት። ፊቱን አዞረና አንዲት መኪና ለማስገባት ሄደ።